ሕመምተኛን ስለ መጠየቅ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በቋንቋችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ወዳጃችን ታሞ የተኛ እንደ ሆነ፣ የምንችለውን ያህል ይዘን ወደ ቤቱ ስንሄድ «ልጠይቀው ነው» እንላለን። ደግሞም አንድ ሹም ሰውን ከፊቱ አቁሞ «የት ነበርህ? ምን ስትሠራ ዋልህ?» ሲለው ይህንንም መጠየቅ እንለዋለን። በመጀመሪያው ጊዜ መንገዱን የሚሄደው ጠያቂው ነው፤ በሁለተኛው ግን የሚሄደው ተጠያቂው ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት በእንግሊዝ አገር ታሞ ከሥራ የቀረ ሰው ከማኅበርና ከመንግሥት ገንዘብ እየተቀበለ ሲኖር፣ በልዩ ልዩ ዘመን እንዴት እንደ ተጠየቀ ነው። የሌላውን አገር የሕመምተኛ አበል ታሪክ ማወቅ ለእኛ ምን ይረባናል የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ይህ ታሪክ ከሐኪሞች ይልቅ እኛን፣ ማለት በመዝገብና በደብዳቤ የሌላውን ሰው ጉዳይ የምንፈጽመውን የመንግሥት ሠራተኞች፣ በይበልጥ የሚነካ ይመስለኛል። የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በእንግሊዝ አገር ድኃንና ሕመምተኛን የመርዳት ግዴታ በሕግ የተደነገገው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በ1601 ዓ.ም. በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን የወጣው የድኆች ሕግ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ ከባለ ንብረቶች ግብር ሰብስቦ በክልሉ ያሉትን ረዳት የሌላቸውን ሰዎች እንዲጦር አዘዘ። ርዳታውን የሚያድሉት ሹማምንት የዚያው አጥቢያ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ማን እንደ ታመመና ማን እንደ ዳነ ለማወቅ ብዙ መመርመር አያስፈልጋቸውም ነበር። በ1834 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ሕግ ግን ይህን አሠራር እጅግ አከበደው። ለመሥራት አቅም ያለው ድኃ ርዳታ ቢፈልግ በልዩ ልዩ ሥርዐት ወደሚተዳደር የድኆች ማደሪያ ይግባ፤ በዚያም የሚኖረው ኑሮ በውጭ ካለው ከዝቅተኛው የቀን ሠራተኛ ኑሮ ያነሰ ይሁን የሚል መሠረተ ሐሳብ ጸና። ሕጉ በመጀመሪያ ያነጣጠረው በጤነኛው ላይ ቢሆንም፣ ብዙ ሕመምተኞችና ሽማግሎችም ዕድሜያቸውን የፈጸሙት በነዚሁ ቤቶች ውስጥ ነበር።

ሠራተኞቹ ይህን ውርደት ስለ ፈሩ ራሳቸውን በማኅበር አደራጁ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የወዳጅነት ማኅበር የሚባሉት በየከተማው ተስፋፉ፤ ከነርሱም በማንችስተር የተመሠረተው የኦድፌሎስ ማኅበርና የፎረስተርስ ማኅበር በሰፊው የታወቁ ነበሩ። የእኛን ዕድር የሚያውቅ ሰው አሠራራቸውን በቶሎ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ፣ እነዚህ ማኅበሮች ለቀብር ብቻ ሳይሆን አባሉ ታሞ በተኛበት ዘመን ሁሉ በየሳምንቱ የተወሰነ ገንዘብ የሚከፍሉ መሆናቸው ነው።

ገንዘቡን ወደ ቤቱ የሚያመጣለት ከማኅበርተኞቹ መካከል የተመረጠ «ሕመምተኛ ጠያቂ» የሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው ሁለት ሥራ በአንድነት ይሠራል። በአንድ በኩል ወንድሙን ያጽናናል፤ በሌላ በኩል ደግሞ አባሉ በእውነት መታመሙን በዓይኑ አይቶ ለማኅበሩ ይናገራል። የማኅበሮቹም ደንብ ጥብቅ ነበር። አበል የሚቀበል ሕመምተኛ ሥራ ሲሠራ ቢገኝ፣ ሰክሮ ቢታይ፣ ወይም ከተወሰነው የምሽት ሰዓት በኋላ ከቤቱ ውጭ ቢገኝ ይቀጣል፤ አበሉንም ሊያጣ ይችላል። እንግዲህ ጥርጣሬ የዛሬ ፈጠራ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ገንዘቡ የጋራ ስለ ሆነ፣ ሐሰተኛው የሚበላው የእውነተኛውን ሕመምተኛ ድርሻ ነው፤ ስለዚህ መመርመር ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን የሚመረምረው ሰው ወደ ሕመምተኛው አልጋ ይሄድ ነበር እንጂ፣ ሕመምተኛው ተነሥቶ ወደ መርማሪው እንዲመጣ አይጠበቅበትም ነበር።

መንግሥት በዚህ ጉዳይ በሰፊው እጁን ያስገባው በመጀመሪያ በጀርመን አገር ነው። በ1883 ዓ.ም. በቢስማርክ ዘመን የወጣው የሕመም መድን ሕግ፣ ከመዋጮው ሁለቱን እጅ ሠራተኛው፣ አንዱን እጅ አሠሪው እንዲከፍል አድርጎ፣ ሠራተኛው ሲታመም እስከ 13 ሳምንት ድረስ የደመወዙን እኩሌታ እንዲያገኝ ፈቀደ። የእንግሊዙ የገንዘብ ሚኒስትር ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ በ1908 ዓ.ም. ወደ ጀርመን ሄዶ የመድኑን አሠራር ከተመለከተ በኋላ፣ በ1911 ዓ.ም. መጨረሻ የብሔራዊ መድን ሕግ በፓርላማው አጸደቀ።

በዚህ ሕግ መሠረት ወንድ ሠራተኛ በየሳምንቱ 4 ፔንስ፣ አሠሪው 3 ፔንስ፣ መንግሥት 2 ፔንስ ያዋጣሉ። ሎይድ ጆርጅም «በአራት ፔንስ ዘጠኝ ፔንስ ታገኛላችሁ» እያለ ሕዝቡን ይቀሰቅስ ነበር። አበሉ መከፈል የጀመረው በጥር ወር 1913 ዓ.ም. ነው። የታመመ ወንድ በሳምንት 10 ሽልንግ፣ ሴት 7 ሽልንግ ከ6 ፔንስ፣ እስከ 26 ሳምንት ድረስ ይቀበሉ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ሕመሙ ካልተሻለ በሳምንት 5 ሽልንግ ይከፈል ነበር። ገንዘቡን የሚያድሉት መንግሥት ያጸደቃቸው ማኅበሮች ስለ ነበሩ፣ የጥንቱ ሕመምተኛ ጠያቂም ሥራውን ቀጠለ። ከእርሱ ጋር ግን አንድ አዲስ ነገር መጣ፤ ይኸውም የሐኪም ወረቀት ነው።

ሥራው ከተጀመረ ዓመት ሳይሞላው፣ የሚከፈለው ገንዘብ ከታሰበው በላይ ሆነ፤ ይልቁንም ሴቶች አብዝተው ታመሙ የሚል ክስ ተነሣ። ነገሩን የሚመረምር ጉባኤ በሰር ክላውድ ሹስተር ሰብሳቢነት ተቋቁሞ በ1914 ዓ.ም. ሪፖርቱን አቀረበ። ከጉባኤው አባሎች አንዷ፣ የሴት ሠራተኞች መሪ የነበረችው ሜሪ ማካርተር፣ የራሷን አስተያየት ለብቻው ጽፋ ነበር። የሐሳቧ ፍሬ ነገር፣ ሴቶቹ አብዝተው የታመሙት ደመወዛቸው እጅግ ጥቂት፣ ምግባቸውም የማይበቃ በመሆኑ ነው የሚል ነበር። በአንድ መዝገብ ላይ የሰፈረውን ያንኑ ቍጥር አንዱ እንደ ማታለል፣ ሌላዋ እንደ ድኅነት ማስረጃ አነበቡት። ይህ ክርክር ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ ስሙን እየለወጠ ተመልሷል።

በ1920 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የየክፍሉ የሕክምና ሹሞች የሚባሉ ሐኪሞችን ሾመ። ማኅበሩ የአባሉን መታመም የተጠራጠረ እንደ ሆነ፣ ሰውዬውን ወደ ሹሙ ሐኪም ልኮ ሁለተኛ አስተያየት ይጠይቃል። እነሆ፣ በዚህ ጊዜ የመንገዱ አቅጣጫ መለወጥ ጀመረ፤ ሕመምተኛው ለመጠየቅ ይጠራ ጀመር ማለት ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ፣ በታኅሣሥ ወር 1942 ዓ.ም. ሰር ዊልያም ቤቨሪጅ የታወቀውን ሪፖርቱን አወጣ። በርሱም መሠረት የ1946ቱ የብሔራዊ መድን ሕግ ወጥቶ፣ ከሐምሌ 5 ቀን 1948 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። አበሉ ለአንድ ጎልማሳ በሳምንት 26 ሽልንግ ሆነ፤ በቂ መዋጮ ለከፈለ ሰውም የ26 ሳምንቱ ወሰን ተነሣለት። የማኅበሮቹ ጠያቂ ቀርቶ ሥራው ሁሉ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተዛወረ።

በዚህ ሕግና ሕጉን ተከትሎ በወጣው ደንብ ውስጥ ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅሙ ሁለት ቃሎች ይገኛሉ። አንደኛው፣ አበል የሚቀበል ሕመምተኛ «የት እንደሚገኝ ሳይናገር» ከቤቱ እንዳይለይ የሚያዝዘው ነው። ይህ የጥንቱ ማኅበር ደንብ ርዝራዥ ነው፤ ጠያቂው መምጣቱ ስለማይቀር፣ ሲመጣ እንዲያገኝህ ሁን ማለት ነው። ሁለተኛው ቃል ደግሞ፣ «ያለ በቂ ምክንያት» ለሕክምና ምርመራ ሳይቀርብ የቀረ ሰው እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ አበሉን ሊከለከል እንደሚችል የሚናገረው ነው። ይህ «በቂ ምክንያት» የሚለው ሐረግ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የብዙ ሰው እንጀራ የተንጠለጠለው በርሱ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ባጭሩ ላሳልፈው። በ1971 ዓ.ም. ለረጅም ጊዜ ታማሚዎች የተለየ አበል ቆመ። በ1983 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሕመም ክፍያ አሠሪዎች እንዲከፍሉ ተደረገ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የረጅም ጊዜው አበል ተሽሮ በሌላ ተተካ፤ ፈተናውም ሰውዬው የቀድሞ ሥራውን ለመሥራት ይችላልን ከማለት አልፎ፣ ማናቸውንም ሥራ ለመሥራት ይችላልን ወደሚል ተለወጠና በነጥብ ይቈጠር ጀመር። ለመራመድ ስንት፣ ለመቀመጥ ስንት፣ ዕቃ ለማንሣት ስንት እየተባለ ተደምሮ 15 ነጥብ የሞላው ሕመምተኛ ተባለ።

በዚያው ዘመን የአበል ተቀባዮች ቍጥር እጅግ ጨመረ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰባት መቶ ሺህ ገደማ የነበረው፣ ወደ አዲሱ ምዕተ ዓመት ሲገባ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል አለፈ። በነዚያ ዓመታት የድንጋይ ከሰል ማውጫዎችና የብረት ፋብሪካዎች ተዘግተው፣ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ብዙ ከተሞች ያለ ሥራ ቀርተው ነበር። ሳንባውና ወገቡ የተጐዳ ማዕድን ቈፋሪ፣ ማዕድኑ ሳይዘጋ ሕመሙን ችሎ ይሠራ ነበር፤ ሥራው ሲጠፋ ግን ሕመሙ ብቻ ቀረለት። ይህን ሰው ሥራ ፈት እንበለው ወይስ ሕመምተኛ? ሁለቱንም ቢሉት እውነት ነበር።

መንግሥትም ይህን ያህል ሕዝብ ለዘለዓለም በቤቱ እንዲቀመጥ መተው ራሱን ሰውዬውን መጣል ነው የሚል ሐሳብ አነሣ። ሐሳቡ እንዲያው የሚናቅ አይደለም። ሥራ ለሰው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ክብርና ወዳጅም ነው፤ ብዙ ሕመምተኞችም የሚረዳቸው ቢያገኙ ወደ ሥራ መመለስን ይመኙ ነበር። በዚህ ምክንያት ከጥቅምት ወር 2003 ዓ.ም. ጀምሮ «ወደ ሥራ የሚወስዱ መንገዶች» የሚባል አሠራር በሦስት አውራጃዎች ተሞከረ። አበል የጠየቀ ሰው ስምንት ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ ጆብ ሴንተር ወደሚባለው የሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተጠርቶ፣ ስለ ኑሮውና ወደፊት ሊሠራ ስለሚችለው ሥራ ከአንድ አማካሪ ጋር እንዲነጋገር ታዘዘ። ከዚያም በየወሩ ገደማ ተጨማሪ አምስት ንግግሮች ነበሩ። እኛ ቃለ መጠይቅ የምንለው ነው። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ከአበሉ ይቀነስበታል። በ2008 ዓ.ም. አሠራሩ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። የአገሩ የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት በ2010 ዓ.ም. መርምሮ ባወጣው ሪፖርት ግን፣ ይህ ሁሉ ሕመምተኞችን ወደ ሥራ በመመለስ በኩል ያስገኘው ውጤት ጥቂት መሆኑን ገለጸ።

ይህ ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት በ2007 ዓ.ም. አዲስ ሕግ ወጥቶ፣ ከጥቅምት 27 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሥራና የድጋፍ አበል የሚባለው ተቋቁሞ ነበር። በዚህ ሕግ ሕመምተኛ ከተመረመረ በኋላ ከሦስት በአንዱ ይመደባል። ለሥራ ብቁ ነው የተባለው አበሉ ይቀርበታል። ሕመሙ የጸናበት በድጋፍ ክፍል ተመድቦ፣ ቃለ መጠይቅ ሳይገደድ አበሉን ይቀበላል። ከሁለቱ መካከል ያለው፣ ማለት ዛሬ መሥራት ባይችልም ወደፊት ለመሥራት ሊዘጋጅ ይችላል የተባለው ግን፣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ እየመጣ ለቃለ መጠይቅ መቅረብ ግዴታው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ደንብ፣ የዚህ ክፍል ሰው ለሥራ እንዲያመለክት፣ ሥራ እንዲሠራ ወይም የግድ እንዲታከም ሊታዘዝ አይችልም ይላል። የሚታዘዘው እንዲቀርብ፣ እንዲነጋገርና በአቅሙ እንዲዘጋጅ ነው።

የቅጣቱም ነገር እንዲህ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ዕድሜው 25 ዓመት ከሆነው በላይ የነበረ የዚህ ክፍል ሰው መሠረታዊ አበሉ በሳምንት 60 ፓውንድ ከ50 ፔንስ፣ ተጨማሪው 24 ፓውንድ ነበር። ሳይቀርብ የቀረ ሰው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት የሚቀነስበት የተጨማሪው እኩሌታ፣ ማለት 12 ፓውንድ ነው፤ ከዚያም ተጨማሪው በሙሉ ይቀራል። ከታኅሣሥ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የሚቀነሰው ዋናው አበል ሆነ፤ በዚያ ዓመት በሳምንት 71 ፓውንድ ማለት ነው። ይህም ሰውዬው የታዘዘውን እስኪፈጽም ድረስ ይቀጥላል፤ ከፈጸመም በኋላ ለመጀመሪያው ጥፋት አንድ ሳምንት፣ በዓመት ውስጥ ቢደግም ሁለት፣ ቢሠልስ አራት ሳምንት ይጨመርበታል። ከሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዚህ ክፍል አዲስ ለሚገቡት ተጨማሪው ገንዘብ ስለ ተሰረዘ፣ ቅጣት ያገኘው ሰው የሚቀረው ከምንም የማይቈጠር ሆነ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ልዩ ርዳታዎችን የሚጠቀልለው ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለው አበል የቀድሞውን አብዛኛ ክፍል ቀስ በቀስ ተክቶታል፤ የመቅረብ ግዴታና ያለ በቂ ምክንያት የመቅረት ቅጣት ግን በርሱም ውስጥ አሉ።

እንግዲህ በዚህ ሕግ ሥር የሚኖር ሕመምተኛ ከቅጣት የሚድነው በምንድን ነው? መልሱ በዚያችው «በቂ ምክንያት» በምትባለው ሐረግ ውስጥ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ሹሙ ሊያስብባቸው የሚገባቸውን ነገሮች ዘርዝሯል። ሰውዬው በቋንቋ ወይም በንባብ ድካም ምክንያት ትእዛዙን ሳይረዳው ቀርቶ እንደ ሆነ፣ ሊለውጠው የማይችለው የሐኪም ቀጠሮ ኖሮት እንደ ሆነ፣ መጓጓዣ ችግር ገጥሞት እንደ ሆነ፣ የሃይማኖቱ ሥርዐት በዚያ ቀን ከልክሎት እንደ ሆነ፣ ድንገት ታሞ ወይም ሕመሙ አገርሽቶበት እንደ ሆነ፣ የዘመድ ወይም የቅርብ ወዳጅ ቀብር ላይ ውሎ እንደ ሆነ፣ የአካሉ ጕዳት መምጣቱን የማይቻል አድርጎት እንደ ሆነ፣ እነዚህ ሁሉ ሊታዩለት ይገባል። በዚያ ደንብ ምክንያቱን የሚያስረዳበት ጊዜ ግን አጭር ነበር፤ አልቀረብህም የሚለው ማስታወቂያ ከተሰጠው ቀን አንሥቶ አምስት የሥራ ቀን ብቻ ነበር።

ስለዚህ በዚያ አገር ያሉ የድኆች አማካሪዎች ለሕመምተኞች የሚሰጡት ምክር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ደብዳቤ በደረሰህ ቀን ክፈተው፤ ለነገ አትበል። መቅረብ የማትችል ከሆነ ከቀጠሮው ቀን በፊት ተናገርና ሌላ ቀን፣ ወይም በስልክ መነጋገርን ለምን። በስልክ ከተናገርህ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያነጋገረህን ሰው ስም ጻፍ። የሐኪም ወረቀትህን ቅጂ ያዝ። ቋንቋው ከቸገረህ አስተርጓሚ ጠይቅ። ቅጣት ከተወሰነብህ ውሳኔው እንደ ገና እንዲታይልህ በአንድ ወር ውስጥ አመልክት፤ ይህም ካልሆነልህ ከመሥሪያ ቤቱ ነጻ ወደ ሆነው የይግባኝ ዳኝነት ሂድ። እስከዚያው ለችግር የሚሰጥ ክፍያ አለና ጠይቅ። ከአገራችን ወጥተው በለንደንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችንም ቢታመሙ የሚገዙት በዚሁ ሕግ ነውና፣ ምክሩ ለነርሱም ይጠቅማል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት እንደዚህ ላለው ነገር ነው። ደግሞም በባህላችን ሕመምን ለባዕድ መግለጽ የሚያሳፍረው ብዙ ሰው አለ፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ ሕመሙን ከአማካሪው የሸሸገ ሰው በቂ ምክንያትም አይገኝለትም።

ነገር ግን ይህ ምክር ሁሉ አንድ ከባድ ነገር እንደሚሸፍን ማስተዋል ይገባል። ደብዳቤ በዕለቱ መክፈት፣ አስቀድሞ መደወል፣ መጻፍ፣ ማስረጃ መሰብሰብ፣ እነዚህ የጤነኛ ሰው ሥራዎች ናቸው። አእምሮው በኀዘን የተጨነቀ ሰው ደብዳቤውን የማይከፍተው ስለ ናቀው ሳይሆን ስለሚፈራው ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ፣ ሰውዬው አበል የሚያገኝበት ሕመም ራሱ የሚቀጣበት ጥፋት ይሆናል።

መንግሥቱም ይህን ፈጽሞ ዘንግቶት አልነበረም። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ለቃለ መጠይቅ ሳይቀርብ ቢቀር፣ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት አንድ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሄዶ እንዲያነጋግረው የሚያዝዝ የአሠራር መመሪያ ነበር። ተመልከቱ እንግዲህ፤ የጥንቱ ሕመምተኛ ጠያቂ ከመቶ ዓመት በኋላ በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ሰውን በእውነት ለማወቅ ወደ ቤቱ ከመሄድ የበለጠ መንገድ አለመገኘቱን መሥሪያ ቤቱ ራሱ መሰከረ።

በ2014 ዓ.ም. ማቲው ኦክሌይ የተባለው መርማሪ ስለ ሥራ ፈላጊዎች ቅጣት ለመንግሥት ባቀረበው ሪፖርት፣ ለሰዎቹ የሚጻፉት ደብዳቤዎች ረጃጅሞችና በሕግ ቃል የተሞሉ በመሆናቸው ለመረዳት እንደሚያዳግቱ ገለጸ። በ2016 ዓ.ም. የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤቱ ቅጣቶችን ሲመረምር፣ የቅጣቱ ብዛት ከአንዱ ጽሕፈት ቤት እስከ ሌላው የተለያየ መሆኑንና ቅጣቱ በሰዎቹ ኑሮ ላይ የሚያመጣው ነገር በሚገባ አለመጠናቱን አመለከተ። ከ2013 እስከ 2018 ዓ.ም. በዮርክ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የተደረገው ሰፊ ጥናትም፣ ቅጣት ሰዎችን ወደ ሥራ በማቅረብ ያለው ጥቅም እጅግ ጥቂት እንደ ሆነ፣ ብዙዎችንም ለዕዳና ለባሰ ሕመም እንደ ዳረገ ጽፏል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የማወጣው ትምህርት የሕመምተኛ አበል ያለ ምርመራ ይሰጥ የሚል አይደለም። የጋራ ገንዘብ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ የጥንቶቹ ማኅበርተኞችም ወንድማቸውን እየወደዱ ይመረምሩት ነበር። የምለው፣ ጠያቂው መንገዱን ትቶ በጠረጴዛው ኋላ በተቀመጠ ጊዜ፣ በእግሩ ያገኘው የነበረውን እውቀት በሌላ መንገድ ማግኘት ነበረበት ነው። ያ እውቀት የጠፋ እንደ ሆነ፣ በመዝገቡ ላይ የሚቀረው «አልቀረበም» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

ይህን ቃል እኔም ጽፌዋለሁ። ወደ ሬዲዮ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አገለግል ነበር። አንድ ቀን ጧት ባለጉዳዮችን በየስማቸው ስጠራ፣ የአንድ ሽማግሌ ስም ሦስት ጊዜ ጠርቼ መልስ ስላጣሁ «ተጠርተው አልቀረቡም» ብዬ ጽፌ ወረቀቱን አሳለፍሁ። ለምሳ ስወርድ ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ከደረጃው ግርጌ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጽሕፈት ቤታችን በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነበር። «ልጄ፣ ደረጃው አላስወጣኝ አለ፤ እዚህ መሆኔን የሚነግርልኝ ሰውም አጣሁ» አሉኝ። በጻፍሁት ቃል ላይ ስሕተት አይገኝበትም፤ ተጠርተዋል፣ አልቀረቡምም። ሆኖም ተመልሼ ወጥቼ ወረቀቱን ከአለቃዬ ጠረጴዛ ላይ በለመንሁ ጊዜ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጥቂት ዘግይቼ ቢሆን ኖሮ የሽማግሌው ጉዳይ በዚያው ተዘግቶ ይቀር ነበርና።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ በመዝገባችሁ ላይ «አልቀረበም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፣ ደብዳቤው ደርሶት እንደ ሆነ፣ የደረሰውም በሚያነበው ቋንቋ እንደ ሆነ፣ ደረጃውንም ለመውጣት አቅም እንዳለው አንድ ጊዜ ጠይቁ። ወደ ቤቱ መሄድ ባይቻል እንኳ እስከ ደረጃው ግርጌ መውረድ ይቻላል።